ስልሳ ሰንሰለትና አንድ ማጠፊያ

የልጄ ባል በር ሠሪ ነው። የብረት በር፣ የብረት መስኮት፣ የአጥር መዝጊያ ይሠራል። ሱቁ መንገድ ዳር ስለሆነ የብየዳው ብልጭታ ከአውቶቡስ መቆሚያው ይታያል። የእኛ ወጥ ቤት በር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በላይኛው ማጠፊያ ብቻ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ስንከፍተው ወለሉን እየፋቀ ያለቅሳል። ስንዘጋው በእጃችን ከፍ፣ በጉልበታችን ገፋ እናደርገዋለን። ወለሉ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጭረት ቆፍሯል። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ያለው ሰው እኛ ቤት ሳይገባ አልቀረም።

ሰፈሩ የልጄን ባል «ሁሉ በእጄ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ቀለም ቀቢው ነው። ድሮ ሦስት ሆነው ይሠሩ ነበር፤ እሱ ይበይዳል፣ ቀለም ቀቢው ይቀባል፣ ሦስተኛው መስታወት ቆርጦ ይገጥማል። አንድ ቀን ቀለም ሳይደርቅ ቀርቶ አንድ በር ዘገየ። የልጄ ባል በዚህ ተቆጥቶ «ከእንግዲህ ሁሉም በእጄ ነው» አለና ብሩሽም መስታወት መቁረጫም ይዞ መጣ። ብየዳው ዛሬም እንከን የለውም፤ ይህን አልነሳውም። ቀለሙ ግን ጉንፋን እንደያዘው ሕፃን አፍንጫ ቁልቁል ይወርዳል። የጎረቤታችን የባለሱቁ መስኮት መስታወት የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ጥርሱን ያፋጫል። ባለሱቁ ሲያማርር፣ መስታወት ትንሽ መተንፈሻ እንደሚያስፈልገው አስረድቶት ተመለሰ።

በዚህ እወቅሰዋለሁ እንጂ አልጠላውም። ያደገው አጎቱ ቤት ነው። እዚያ ቤት ሳሙና ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጥ ነበር። ልጁ ፊቱን ሊታጠብ ይጠይቃል፣ አጎትየው ያልሰማ ይመስላል። ደግሞ ይጠይቃል፣ አሁንም አይሰማም። በሦስተኛው ቁልፉ ከኪስ ይወጣል። ይህን የነገረችኝ ልጄ ናት፤ እሱ ለማንም አያወራውም። ዛሬም ሰው ሊጠይቅ ሲል ያ ሳሙና ጉሮሮው ላይ የሚሰነቀር ይመስለኛል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስስቅበት ትንሽ ቀንሼ ነው የምስቀው።

የስልክ ጨዋታ የጀመረው መብራት በጠፋበት ሳምንት ነው። ያለ መብራት ብየዳ የለም፣ ስልክ ግን ባትሪ አለው። እኔ መጀመሪያ ኳስ መስሎኝ ነበር። ለካስ በየቤቱ የተቀመጠ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ የሌለ አገር ውስጥ የሚገናኝበት ጨዋታ ኖሯል። አገሩ ወንዝ አለው፣ ጫካ አለው፣ ገበያ አለው። የገባ ሁሉ አንድ ሙያ ይመርጣል፤ አዳኝ፣ ቆዳ አልፊ፣ ከሰል አክሳይ፣ ዘይት ጨማቂ ይሆናል። እሱ ምን መረጠ? ብረት ቀጥቃጭ። ቀኑን ብረት ሲበይድ የሚውል ሰው ለዕረፍቱ ብረት ሊቀጠቅጥ ገባ።

የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። አንድ ሰንሰለት ለመሥራት አምስት ቁራጭ ብረት፣ አንድ ጆንያ ከሰል፣ አንድ ማሰሮ ዘይትና አንድ ጠፍር ያስፈልጋል። ብረቱን ቀጥቃጩ ራሱ ይቆፍራል። ከሰሉ ከአክሳዩ፣ ዘይቱ ከጨማቂው፣ ጠፍሩ ከቆዳ አልፊው ይመጣል። ቆዳ አልፊውም ቆዳ የሚያገኘው ከአዳኙ ነው፤ አዳኙ ደግሞ ቀስቱን የሚወጥርበት ጠፍር ይፈልጋል። ከሰል አክሳዩም ያለ ቀጥቃጩ መጥረቢያ እንጨት አይቆርጥም። አንድ ሰው ከአንድ ሙያ በላይ መያዝ አይችልም። ሁሉም የሌላውን ደጅ እንዲጠና ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህን ጨዋታ ያወጡት ሰዎች የልጄን ባል በሩቅ የሚያውቁት ይመስለኛል።

እሱ ግን መላ አላጣም። ሦስት አሮጌ ስልኮች ሰበሰበ። አንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ፣ አንዱ ከቻርጀር ሲነቀል ነፍሱ የምትወጣ ነው። በራሱ ስልክ ቀጥቃጭ፣ በሦስቱ ቆዳ አልፊ፣ ከሰል አክሳይና ዘይት ጨማቂ ሆነ። አራቱም እሱ ናቸው። ምሳ በልቶ ስልኮቹን ጠረጴዛው ላይ ይደረድርና አራት ጎጆ እንዳለው ባል ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሮጥ ይውላል። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ያጨበጭባል፤ እሱ ከራሱ ዘይት እየተቀበለ ነው።

ችግሩ መለዋወጡ ላይ ነው። ዕቃ የሚሰጠውም የሚቀበለውም በአሥር ሰከንድ ውስጥ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን መጫን አለባቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ በሁለት አውራ ጣቱ ሲራኮት አንድ መንገደኛ በመካከል ገባ። መንገደኛው የያዘው አንድ ጥቅል ጎመን ነበር። የልጄ ባል ሳያይ ተጫነ፤ የሦስት ሳምንት ብረት በአንድ ጎመን ተለወጠ። መንገደኛው ደግ ሰው ነበር፣ አልሸሸም። ቆሞ «ወንድሜ፣ የተሳሳትክ መሰለኝ፤ ልመልስልህ?» ብሎ ጻፈለት።

የሚጠበቅበት አዎ ማለት ብቻ ነበር። የልጄ ባል ላብ ላብ እያለው «አልተሳሳትኩም» ብሎ መለሰ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሏል ይህ ነው። ጎመኑ መጋዘን ውስጥ፣ በእሱ ክፍል በክብር ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ አራቱን ስልክ እንደማይችል ገባውና የቆዳ አልፊውን ለሚስቱ ሰጣት። ልጄ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ካውያው እስኪግል ትጫኚዋለሽ አላት። ትእዛዙም እንዲህ ነበር፦ ቆዳውን ከገበያው መደርደሪያ አንሺ፣ ጠፍር ቁረጪ፣ ሣጥኔ ውስጥ ክተቺ፣ ከማንም ጋር አትነጋገሪ። ልጄ እሺ አለች። የልጄን እሺ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሺ የምትለው ክርክር ለማሳጠር ነው።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ አዳኝ በጨዋታው ጎጆዋ በር ላይ ቆሞ የቀስት ጠፍር ለመናት። ሰጠችው። በማግስቱ ቀዳዳ የሌለው ሦስት የአጋዘን ቆዳ አምጥቶ ደጇ ላይ ጣለላት። ከዚያ ኮርቻ ሠሪዋ መጣች። ከዚያ አንዱ ሌላውን እያመጣ ደጇ የወፍጮ ቤት ሰልፍ መሰለ። እሷም እየሰፋች በመሐል ለአዳኙ «እናትህ ተሻላቸው?» ብላ ትጽፍለታለች፤ የአዳኙ እናት በእውነተኛው ዓለም ወገባቸውን ታመው ነበር። ለራሷም መርፌ የሚል ስም አወጣች። በጎጆዋ በር ላይ ሰሌዳ አለ። የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚፈልግና በምላሹ ምን እንደሚያመጣ ይጽፋል፣ ተራውን ይጠብቃል።

አንድ ቀን ለባሏ የተሻለ ጠፍር እንዳላት፣ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው። ያልኩሽን ብቻ አድርጊ አላት። ያላትን ብቻ አደረገች። ከመደርደሪያ በተነሳ ስስ ቆዳ የተቆረጠ ጠፍር እየቆጠረች ሣጥኑ ውስጥ ከተተችለት።

የድልድዩ ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው። የልጄ ባል እዚያ አገር ውስጥ አርባ ሰው ያለበት ማኅበር አባል ነው። የማኅበሩ መጋዘን ከወንዙ ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ አርባው ሰው ሁለት ዓመት ያጠራቀመው እህል፣ መሣሪያና ልብስ እዚያ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወንዙ ይሞላል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ከዚያ በፊት ድልድይ ሠርተው ዕቃውን ወደ ማዶ ካላሻገሩ ሁሉም ይወሰዳል። ድልድዩን የሚይዘው ስልሳ ሰንሰለት ነው። ማኅበሩ ድሮ ሦስት ቀጥቃጮች ነበሩት። አንዱ የሠራውን መጥረቢያ የልጄ ባል «ይህ ማንኪያ ነው» ስላለው ሄደ። ሁለተኛው ይህን ሲሰማ ተከተለው። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ በእውነተኛው ኑሮዋ ነርስ የሆነች ሴት፣ ከሌላ ማኅበር ረዳት እንለምን ወይ ብላ ጠየቀችው። ለብቻዬ እጨርሰዋለሁ አላት። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር አላልፍም፤ የመድኃኒቱንም ወረቀት፣ የሳሙናውንም መጠቅለያ አነባለሁ። እሱ በልጅነቱ ስለተማረ ምንም አያነብም። ማክሰኞ ዕለት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ የድልድዩን ዝርዝር አነበብኩ። ሲመለስም ጠፍሩ ደረጃ ሦስት መሆን አለበት እንደሚል ነገርኩት።

«እማማ፣ ይህ ጨዋታ ነው፤ ለእርስዎ አይገባዎትም» አለኝ።

መነጽሬን አውልቄ አጠፍኩ። ልጄ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ሰማችው።

ቅዳሜ ሱቁ ላይ «በቤተሰብ ጉዳይ ተዘግቷል» የሚል ካርቶን ሰቀለ። የሰፈሩ ሰው ማን ታመመ እያለ ጠየቀን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልሳውን ሰንሰለት ሊያጋጥም ተቀመጠ። የመጀመሪያውን አስገባ፤ ድልድዩ ተፋው። ሁለተኛውን አስገባ፤ ተፋው። ከሥሩ በቀይ የተጻፈውን አሁን አነበበ፦ ይህ ጠፍር አይበቃም፣ ደረጃ ሦስት ያስፈልጋል። ደረጃ የሚገኘው ከጥሩ ቆዳና ለብዙ ሰው ብዙ ጠፍር ከሠራ እጅ ነው። በእሱ ሣጥን ውስጥ ያለው ሁሉ ከመደርደሪያው ስስ ቆዳ የተቆረጠ ደረጃ አንድ ነበር።

አራት ሰዓት ሆነ። አርባው ሰው አንድ በአንድ ይጽፍ ጀመር። መጀመሪያ በትሕትና፣ ቀጥሎ በፍርሃት፣ ቀጥሎ ያለ ሰላምታ። መደርደሪያውን ፈተሸ፤ ደረጃ ሦስት ጠፍር መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፣ ከሠሪው እጅ ብቻ ነው። ቅርብ ያለ ቆዳ አልፊ ፈልግልኝ ብሎ ጨዋታውን ሲጠይቅ አንድ ስም ወጣለት፦ መርፌ፣ ደረጃ ስድስት።

ከሳሎኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንቺ፣ ይህቺ መርፌ የምትባለውን ታውቂያታለሽ?» አለ።

«አውቃታለሁ።»

«የት ነው የምትገኘው?»

«አንገትጌ እየሰፋች ነው።»

 ተነስቶ ልጄ የምትሰፋበት ክፍል በር ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ለመጻፍ ፊደሉ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም፤ የተደሰተም የተሰረቀበትም ይመስል ነበር።

«ስልሳ ጠፍር ስጪኝ» አላት።

«ሰሌዳው ላይ ጻፍ። ከፊትህ አሥራ አንድ ሰው አለ።»

«ሚስቴ ነሽ እኮ።»

«እዚህ ሚስትህ ነኝ። እዚያ ቆዳ አልፊ ነኝ፤ ያደረግከኝም አንተ ነህ።»

ወደ እኔ ዞሮ፣ ይስሟት እንጂ እማማ አለኝ። ሰማኋት አልኩት፣ ጥሩ ነው የተናገረችው።

ተመልሶ ተቀመጠና መጻፍ ጀመረ። መነጽሬን አድርጌ ከኋላው ቆምኩ። «60 ጠፍር። አሁን።» ብሎ ጻፈ። አየውና አጠፋው። «60 ጠፍር ይላክ» አለ፤ እሱንም አጠፋው። እባክሽ የሚለውን ቃል ሲጽፍ ለአራት ፊደል የወሰደበት ጊዜ፣ እኔ ሀ ሁን ለመልመድ ከወሰደብኝ ብዙ አያንስም። ሰሌዳው ግን አልለቀቀውም፤ በምላሹ ምን ታመጣለህ ብሎ ጠየቀው። ያለውን ብረት ሁሉ ቀጥቅጦ ጨርሷል። በማኅበሩ መጋዘን ያለውን የራሱን ክፍል ከፈተ። ውስጡ አንድ ነገር ብቻ አለ።

«የማመጣው፦ አንድ ጥቅል ጎመን» ብሎ ጻፈ።

አርባው ሰው አነበበው። በተራ ላይ የነበሩት አሥራ አንዱም አነበቡት። ልጄ መኪናውን አቁማ ስልኩን አነሳችና እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ጎመኑ ይቅር። የወጥ ቤታችን በር ታችኛው ማጠፊያ ከወደቀ ሁለት ዓመት ሆነው። በሩ ሲዘጋ ድምፁን ከሰማሁ ስልሳውን ጠፍር ልሰጥ ዝግጁ ነኝ።»

አዳኙ ቀድሞ ጻፈ፤ ወጥ ቤት ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው የሚከፈተው ብሎ። ሌላው፣ የቀጥቃጫችን በር ወድቋል እንዴ አለ። ኮርቻ ሠሪዋ ምንም አልጻፈችም፤ በር የሚመስል ስዕል ብቻ አግድም አድርጋ ላከች። ሰብሳቢዋ ግን ቀልድ አላወቀችም። «ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ቀርቶናል፤ ሂድና በሩን ስቀል» አለችው።

ሱቁ ሄዶ ማጠፊያ፣ ድሪልና የብሎን ቆርቆሮውን ይዞ መጣ። እየሮጠ ነበር፤ ሰፈሩ አሁን በእርግጥ አንድ ሰው ታሟል አለ። በሩን ከላይኛው ማጠፊያ አወረደው። በጉልበቱ ደግፎ በቀኝ እጁ ድሪሉን ሊያነሳ ሲል በሩ ተንሸራተተ። ከሥሩ ጡብ አደረገ፤ ጡቡ ተሰበረ። የጠርሙስ ሣጥን አደረገ፤ በሩ ዘመም ብሎ ትከሻው ላይ ተኛ። ያኔ ነው ሁለት ዓመት ለምን እንደተንጠለጠለ የገባኝ። ስንፍና አልነበረም። የብረት በር አንዱ ካልያዘ ሌላው አይገጥመውም። ድሮ የሚይዝለት ቀለም ቀቢው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ አደርገዋለሁ» ሲለን የነበረው ሰው ማጠፊያ አጥቶ ሳይሆን፣ ያዙልኝ የሚል ቃል አጥቶ ነው። ማጠፊያው በወደቀ ሰሞን የእግሩ አውራ ጣት ጠቁሮ፣ ምን ነካህ ስንለው ድንጋይ መታኝ ያለንም ትዝ አለኝ።

በሩን አቅፎ ቆመ። እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ፣ ሁለት ክንድ ርቀት። 

«እማማ» አለ፣ ዓይኑ መሬት ላይ ሆኖ፣ «ይያዙልኝ።»

እውነቱን ልጻፍ። አንድ ጊዜ ያልሰማሁ ልመስል ፈልጌ ነበር። ይህ ጨዋታ ነው አይገባዎትም ያለኝን አልረሳሁም፤ ደግሞ እንዲጠይቀኝ ማድረግ ለምላሴም ለሆዴም ደስ ይል ነበር። ግን ያ የተቆለፈ ሳሙና ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በመጀመሪያው ተነሳሁ።

ያዝኩለት። በሩ ከባድ ነው፤ አንጓዬ እስከ ዛሬ ያውቀዋል። አራት ብሎን ገባ። ልጄ መጥታ በግራ በኩል ደገፈች፣ የቀሩት ሁለትም ገቡ። ከዚያ በአንድ ጣቱ ገፋው። በሩ አላለቀሰም። ሄዶ፣ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ሦስታችንም የሞተ ሰው የተነሳ ይመስል ቆመን አየነው።

እዚያ አገር ደግሞ ከፊቱ የነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ተራ በተራ «ይለፍ» ብለው ጽፈውለት ነበር። ልጄ ስልሳውን ጠፍር አስረከበችው፤ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ሁለቱም ተጫኑ፣ ጎመን አልገባም። የሰንሰለቱን ጠፍር በአዲሱ እየቀየረ ገጠመ። ለስድስት ሰዓት አሥራ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ድልድዩ ቆመ። አርባው ሰው ጆንያውንና ሣጥኑን ተሸክሞ እየተጋፋ ተሻገረ፤ የመጨረሻው ከሰል አክሳይ እግሩ ማዶ ሲረግጥ ወንዙ መጋዘኑን ጠራርጎ ወሰደው። ውስጡ የቀረው ያ ጎመን ብቻ ነበር። ማንም ሊሸከመው አልፈለገም።

በድልድዩ ድንጋይ ላይ የሠሩት ሁሉ ስም ተቀረጸ፣ በፊደል ተራ። የልጄ ባል ስም ሃያ ሰባተኛ ላይ መጣ፤ መርፌ ከሱ በላይ አሥራ ሁለተኛ ናት። ስልሳውን ሰንሰለት የቀጠቀጥኩት እኔ ሆኜ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ ምሳውን ሳይበላ ቀረ። ሰኞ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ለባለሱቁ ሲያወራ ሰማሁት፤ ድልድይ በአንድ ጠዋት፣ ለብቻዬ ይለዋል። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ደግሞ የወጥ ቤቱን በር ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋል። «በእጄ ነው የሰቀልኩት» ይላል። ልጄ አንገትጌዋን ትሰፋለች፤ እኔ አንጓዬን አሻለሁ።

አሁን የቀረው ቀለም ነው። በሩ የዝገት መከላከያውን ብቻ ተቀብቶ እንደ ጡብ ቀልቷል፤ ልጄም ይህን በር ብሩሽህን አታስነካውም ብላዋለች። ቀለም ቀቢው ያለው ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አርባ ሰው ወንዝ ያሻገረው የልጄ ባል በየቀኑ ወደዚያ ያያል። ትናንት እስከ መንገዱ ጠርዝ ደረሰ። መኪና እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ግራና ቀኙን አየና ተመለሰ።

መኪና አልነበረም።